የሚጠጣ ድንጋይ

አርብ ጠዋት የድንጋይ መጋዘኑን በር የከፈተው ዘበኛው ሁዘይፋ ነው። ሬሳውን ያገኘውም እሱ፣ ፖሊስ የጠራውም እሱ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ በካቴና የታሰረውም እሱ ነው። ነቀምቴ ላይ ወሬ ከባጃጅ ይቀድማልና፣ ኢንስፔክተር ኡርጂ ነገራ ቦታው ስትደርስ ገዳዩን የማያውቅ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ ለዚህም ደመወዝ ይከፈላታል።

መጋዘኑ ከከተማው ዳር፣ ወደ ጉቶ ጊዳ ቆላ በሚያወርደው መንገድ ላይ የቆመ ሰፊ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ነዳጅ የሚፈልግ አንድ ድርጅት ቆላው ውስጥ እጅግ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሯል፤ ከጉድጓዱ የወጣው ድንጋይ የሚቀመጠው እዚህ ነው። ሠራተኞቹ ኮር ይሉታል። ጫፉ ክፍት በሆነ መሰርሰሪያ እየተቆረጠ፣ የሰው ክንድ የሚያህል ክብ ዘንግ ሆኖ ይወጣና በጥልቀቱ ቅደም ተከተል ጠባብ ሳጥኖች ውስጥ ይጋደማል። ኡርጂ በዚያ በር ስታልፍ ስታገድም ኖራ ውስጡን አይታ አታውቅም። ረድፍ በረድፍ እስከ ጣሪያው የተደረደረውን ድንጋይ ስታይ፣ ሳይታወቃት፣ የጸሎት ቤት እንደገባ ሰው ድምጿን ዝቅ አደረገች።

ሟቹ አምሳሉ ይባላል። የድርጅቱ ጂኦሎጂስት ነበር፤ ከደብረ ብርሃን የመጣ፣ ከሰው ይልቅ ከድንጋይ ጋር የሚያወራ ዝምተኛ። ከረጅም ዕረፍት የተመለሰው በዚያው ሳምንት ነው። በመደርደሪያዎቹ መካከል በጀርባው ተንጋሎ፣ ሳጥኖች ደረቱ ላይ ተገልብጠውበት ተገኘ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ መረመረና፣ ሐሙስ ማታ መሞቱን፣ የገደለው የመደርደሪያው ብረት ጠርዝ እንደሆነ፣ ሳጥኖቹ የወደቁበት ግን ከሞተ በኋላ እንደሆነ ተናገረ። እንግዲያው አንድ ሰው ገፍቶታል፤ ያው ሰው ደግሞ ነገሩን አደጋ ለማስመሰል ሳጥኖቹን ጎትቶ ጥሎበታል። በሩ ተገፍቶ ሲዘጋ ራሱን የሚቆልፍ ስለሆነ ለመውጣት ቁልፍ አያስፈልግም ነበር።

የኡርጂ ረዳት ሳጅን ገቢሳ አፍንጫውን ቀና አድርጎ አሸተተ።

"ኢንስፔክተር፣ ቅቤ ቅቤ አይልዎትም?"

እውነቱን ነው። አየሩ ውስጥ ያደረ ቅቤ ሽታ ነበር፤ ስስ ቢሆንም የሚካድ አልነበረም። ገቢሳ ወዲያው ታሪኩን ሰፍቶ ጨረሰው። ዘበኛው እናቱ የምትልክለትን በቅቤ የራሰ ምግብ መጋዘን ውስጥ ገብቶ ይበላል፤ ይህ ደግሞ ክልክል ነው። ጂኦሎጂስቱ ይደርስበታል፣ ይሳደባሉ፣ ይገፋፋሉ፣ አለቀ። ኡርጂ ታሪኩ ጥሩ እንደሆነ ነገረችው። ታሪክ ሲያምር ግን እሷ ሁልጊዜ ትጠራጠራለች፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት የሰማችው ከወንጌላዊ አባቷ ነው።

የካምፑ አስተዳዳሪ ኦቦ ሌሊሳ በር ላይ ቆሞ ያለቅስ ነበር። ኡርጂ የምታውቀው እንደ ከተማው ሰው ሁሉ በዝና ነው። የወለጋ ልጅ፣ አዲስ አበባ ተምሮ የተመለሰ፣ ከወር በፊት "ድንጋዩ ዘይት አሳየ" ብሎ ለሕዝቡ ያበሰረ ሰው ነው። በዚያ ሳምንት በየቤተ ክርስቲያኑ የምስጋና ጸሎት ተደርጓል፤ ሽማግሌዎች መርቀውታል፤ ሥራ ያጡ ወጣቶች መንገድ ላይ እጁን ይስሙት ነበር። ሐሙስ የት እንደዋለ ስትጠይቀው፣ አኖ ከተማ የዘመድ ለቅሶ ላይ ውሎ እዚያው እንዳደረ ነገራት። ገቢሳ ስልክ ደውሎ አጣራ፤ ድንኳኑ ውስጥ ያዩት ሰዎች አሉ።

"ሁዘይፋ ክፉ ሰው አይደለም፤" አለ ሌሊሳ እንባውን እየጠረገ። "ግን በበሩ ማንም አልገባም ካለ፣ እኔ ምን ልበል?"

* * *

ሁዘይፋ በርግጥም ከአምሳሉ በቀር ማንም አልገባም ብሏል። ይህን ቃሉን ሦስት ጊዜ ጠየቁት፣ ሦስት ጊዜ ደገመው። ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ እሱ የተወለደው እዚሁ ነው። ኦሮምኛው እንደ ነቀምቴ ልጅ ነው፤ ሲጨንቀው ግን የእናቱ አማርኛ ይመጣበታል።

ቤቱ ሲፈተሽ ነገሩ ባሰበት። ማጭዱን የሚስልበት ድንጋይ ከአልጋው ሥር ተገኘ፤ አንድ ጎኑ ክብ፣ በጥቁር ቀለም ቁጥር የተጻፈበት፣ ከኮር ሳጥን የወጣ ድንጋይ። ገቢሳ ጠረጴዛው ላይ ሲያኖረው ሌባ እጅ ከፍንጅ የያዘ መሰለው።

"አምሳሉ ነው የሰጠኝ፤" አለ ሁዘይፋ። "ዕረፍት ሳይወጣ። ጫፉ ተሰብሮ ወደቀ፣ ላንተ ለማጭድህ ይሁን አለኝ። ወላሂ ሸጋ ሰው ነበር።"

ሟች ምስክር አይሆንም። በዚያ ላይ የጣቢያው ኃላፊ ሰኞ ፍርድ ቤት ይቅረብ ብሎ ወስኗል። ከሰፈራ መንደሩ የመጡት እናቱ፣ እሜቴ ዛህራ፣ ከጣቢያው አጥር ሥር ተቀምጠው አልነሳም ብለዋል። ኡርጂ ስታልፍ ልብሷን ያዙና፣ እነዚያ ቅቤ በላ የሚሉት ሰዎች ልጃቸውን እንደማያውቁት ነገሯት።

"ሐሙስ ሐሙስ ይጾማል፣ እታለም። ምግብ አልላክሁለትም። በምን አፉ ይበላል?"

ይህ ነገር ኡርጂን ወጋት። ተመልሳ ሁዘይፋ ፊት ተቀመጠችና መግሪብ ላይ የት እንዳፈጠረ ጠየቀችው። ልጁ አንገቱን ደፋ። በመጨረሻ፣ ሲመሽ በሩን ትቶ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ሄዶ እንዳፈጠረና እንደሰገደ አመነ፤ ሲመለስ በሩን ተቆልፎ ስላገኘው አምሳሉ ወጥቶ የሄደ መስሎት ነበር። ዘበኛ በሩን ጥሎ ከሄደ ይባረራል፤ ከሥራ መባረርን ፈርቶ በነፍስ ግድያ ሊፈረድበት ነበር። ኡርጂ መናደድ አማራት፣ ግን ፊቱን አይታ ተወችው።

"ስለዚህ ማንም ሊገባ ይችል ነበር።"

"ይችል ነበር፤" አለ ሁዘይፋ።

ገቢሳ ሌላ ተጠርጣሪ አላጣም። ቆፋሪው ፊራኦል ከአምሳሉ ጋር መጣላቱን ካምፑ ሁሉ ያውቃል፤ ኮሩን በግድየለሽነት ሰበርክ ብሎ ዘልፎት ነበር። ፊራኦል ግን ሐሙስ ከሰዓት ጀምሮ አርጆ ጤና ጣቢያ ነበር። ሚስቱ አምጣ የበኩር ልጁን ወልዳለች፤ አዋላጇ ደግሞ ወዲያ ወዲህ እያለ መፈናፈኛ እንዳሳጣት ገና አልረሳችም። ተጠርጣሪው እንኳን ደስ ያለህ ተብሎ ተሰናበተ፤ ነገሩም ሁዘይፋ ላይ ተመልሶ ወደቀ።

* * *

ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የአብስራ የምትባል ጂኦሎጂስት መጣች። የአምሳሉ የሥራ ጓደኛ ናት፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ኡርጂ መጋዘኑ ውስጥ ተቀብላት፣ ሬሳው ላይ የወደቁትን ሳጥኖች አሳየቻትና፣ እዚህ ውስጥ ሰው የሚያስገድል ነገር ካለ እንድታሳያት ለመነቻት።

የአብስራ እንደ አቡጀዲ ጥቅል የረዘመ ወረቀት ወለሉ ላይ ዘረጋች። ከላይ እስከ ታች የሚጠማዘዙ መስመሮች አሉበት። ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላ ሽቦ ላይ የታሰረ መሣሪያ እስከ ታች ወርዶ፣ ወደ ላይ ሲጎተት የጉድጓዱን ግድግዳ እያዳመጠ የሚጽፈው እንደሆነ አስረዳቻት። ድንጋይ ሁሉ ትንሽ ጨረር ይተነፍሳል። ጭቃ የነበረ ድንጋይ ብዙ፣ ንጹህ አሸዋ የነበረ ጥቂት። ሌላው መስመር ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያልፍበት፣ ሌላው ምን ያህል እንደሚከብድ ይናገራል።

"ሰው ታች ወርዶ ሳያይ?" አለች ኡርጂ።

"ማንም አይወርድም። ከሁለት ሺህ ሜትር በታች ነው። መሣሪያው ይሰማል፣ ኮሩ ደግሞ ይመሰክራል። ሁለቱ መስማማት አለባቸው።"

ከሳጥኖቹ አንዱን አወጣች። ድንጋዩ ቢጫ ነጭ፣ ሻካራ፣ ያማረ ነው። ከጠርሙስ ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ ጣል አደረገችበት። ጠብታዋ ለአፍታ አበራችና ጠፋች። ድንጋዩ ጠጣት።

ኡርጂ ጎንበስ ብላ በጣቷ ዳሰሰችው፤ እርጥበት እንጂ ውሃ የለም። ዕድሜዋን ሙሉ ድንጋይ ማለት ድንጋይ ይመስላት ነበር። የአብስራ ማጉያ መስታወት ሰጠቻት። ኡርጂ ዓይኗን አስጠግታ ያየችው አሸዋ ነው፤ እያንዳንዷ ፍሬ ክብ፣ ብርሃን የምታሳልፍ፣ በፍሬና በፍሬ መካከል ባዶ ክፍል ያለበት አሸዋ። ሰው ሳይፈጠር፣ ወፍ ሳይበር፣ አንድ ወንዝ እዚህ ፈስሶ ይህን አሸዋ እየገፋ አምጥቶ አኖረው። ነዳጅ ሐይቅ ሆኖ ከመሬት በታች የሚተኛ ይመስላት ለነበረችው ኡርጂ፣ የሚተኛው በእነዚያ ፍሬዎች መካከል እንደሆነ ማወቅ ግርም አላት። እግዚአብሔር ሲሠራ ምንም አይቸኩልም ብላ አሰበችና እንባ እንዳይመጣባት ቀና አለች።

"ጥሩ ድንጋይ ነው ማለት ነው?"

"በጣም ጥሩ። ችግሩ እሱ ነው።" የአብስራ ወረቀቱ ላይ ጣቷን አሳረፈች። "በዚህ ጥልቀት ጉድጓዱ ጭቃ ነኝ ይላል። የታፈነ፣ ምንም የማያሳልፍ። ሳጥኑ ደግሞ ንጹህ አሸዋ ነኝ ይላል። ይህ ድንጋይ ከዚያ ጉድጓድ አልወጣም።"

ኡርጂ የሁዘይፋ ድንጋይ ትዝ አላት። ከዚያ ገቢሳን ልካ የሁዘይፋን መሳያ ድንጋይ ከጣቢያ አስመጣች። በጥቁር ቀለም የተጻፈው ቁጥር ከሳጥኑ ቁጥር ጋር አንድ ነው፤ ድንጋዩ ግን ግራጫ፣ ልስልስ ነው። የአብስራ ጠብታ ጣለችበት። ጠብታዋ እንደ ዶቃ ተድቦልቡላ ቆመች፤ ብትጠብቅም አልገባችም።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። በሁዘይፋ ላይ ማስረጃ ተብሎ የተያዘው ድንጋይ፣ በዚያ ሳጥን ውስጥ ከነበረው እውነተኛ ኮር የተረፈው ብቸኛ ቁራጭ ነው። አምሳሉ ዕረፍት ላይ ሳለ አንድ ሰው የታፈነውን ድንጋይ አውጥቶ በሚጠጣ ድንጋይ ተክቶታል።

"ዘይት አሳየ የተባለውስ?" አለች ኡርጂ።

የአብስራ ራሷን ነቀነቀች። የመጡ ጎብኚዎች በልዩ መብራት አይተውት ቢጫ ብርሃን እንደሰጠ ሰምታለች፤ ዘይት ያለበት ድንጋይ እንዲያ ያበራል። እንዴት እንደሆነ ግን አልገባትም። ይህን እያለች ጥግ ወዳለችው ትንሽ የማድረቂያ ምድጃ ሄዳ በሯን ስትከፍት ሽታው ወጣ።

ቅቤ ነው። አምሳሉ በምትክ ከገባው ኮር ላይ እንደ ጣት የቀጠኑ ቁራጮች ቆርጦ ሊያደርቃቸው ከትቶ ነበር። ድንጋዩ ሲሞቅ የጠጣውን አወጣ። ሁዘይፋን ያሳሰረው የቅቤ ሽታ ከድንጋይ ነው የመጣው።

* * *

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። ኡርጂ አንዷን ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ገበያ ወረደች። አዴ በቀለች ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው የሚሸጡ ናቸው፤ ኡርጂ ደንበኛቸው ናት።

"አካም ጅርቱ፣ አዴ በቀለች?"

ከሰላምታው በኋላ ከየት እንደመጣ ሳትነግር ቁራጩን እጃቸው ላይ አኖረች። ወይዘሮዋ በመዳፋቸው አሻሹት፣ አሸተቱት፣ ፈገግ አሉ።

"ኩን ዸዻዸ። ቅቤ ነው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፤ ግን የሚበላ አይደለም። የድሮ ነው። የሙዳ ቅቤ።"

ሙዳ ማለት መቀባት ነው። ድሮ፣ ዝናብ ሲጠፋም ሲመጣም፣ ሰው ወደ ዛፍ ወይም ወደ ድንጋይ ሄዶ ቅቤ እየቀባ ዋቃን፣ ፈጣሪውን፣ ያመሰግን ነበር። ወይዘሮዋ ሙሽራ ሆነው የገቡበት ቤት አማታቸው፣ ኦቦ ጉደታ፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ የሚጠብቁ ሰው ነበሩ። በኋላ ቤተሰቡ ወንጌል ሲቀበል ተውት። የተዉትን ነገር ደግሞ ለልጆች አላወሩም፤ ልጅ ያላወቀውን አይናፍቅም ብለው። ድንጋዩ የት እንዳለ ስትጠይቃቸው፣ አኖ አጠገብ፣ የባላቸው የውርስ መሬት ላይ እንደሆነ ነገሯት። ነገ ከአምልኮ በኋላ ሊያሳዩኝ ይችላሉ ወይ ብትል፣ ኤዬ፣ እሺ አሉ፤ እሳቸውም ካዩት ብዙ ዘመን እንደሆነ ተናገሩ።

እሑድ ከቀትር በኋላ ኡርጂ፣ የአብስራና አዴ በቀለች የበቆሎውን ማሳ አቋርጠው ወደ ወንዙ ወረዱ። ገደሉ ድንገት ፊታቸው ቆመ። ከላይ እስከ ታች የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ የጥንቱ ወንዝ ሞገድ እንደ ተጎነጎነ ጸጉር መስመር በመስመር ታትሞበታል። የአብስራ ቆም ብላ ለረጅም ጊዜ አየች። ጉድጓዱ ውስጥ እጅግ ጠልቆ የሚገኘው ዓይነት ድንጋይ እዚህ ተነሥቶ ፀሐይ እንደሚሞቅ፣ ይህኛውን ወንዝ እንደገለጠው፣ በዚያኛው ላይ ግን ተራራ እንደተጫነበት በሹክሹክታ ነገረቻቸው። ማንም ሹክ በይ አላላትም፤ ቦታው ነው ያስገደዳት።

በአንድ በኩል፣ ሰው በሚደርስበት ቁመት፣ ገደሉ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። የስንት ትውልድ መዳፍ፣ የስንት ላም ቅቤ፣ የስንት ሰው ምስጋና እዚያ ውስጥ ገብቷል። ድንጋዩ አልተፋውም፤ ሲቀቡት ሲጠጣ ኖሯል። ኡርጂ የወንጌላዊ ልጅ ናት፤ እንዲህ ያለውን ቦታ እንድትሸሽ ነው ያደገችው። ቢሆንም ጫማዋን ማውለቅ አማራት። ፍርሃት አልነበረም፤ ከሷ በፊት ብዙ ሰው ቆሞ ያመሰገነበት ቦታ ላይ መቆሟ ነው ልቧን ያራደው።

ከጠቆረው ፊት መካከል ክብ ቀዳዳዎች ተበስተዋል። ጠርዛቸው ገና ነጭ ነው። የአብስራ በምትክ የገባውን ኮር ከቦርሳዋ አውጥታ ወደ አንዱ ገፋችው፤ ሰይፍ አፎቱ ውስጥ እንደሚገባ ገባ።

"ዋቃ ኮ፤" አሉ አዴ በቀለች። "ማነው እንዲህ የወጋው?"

"ጄኔሬተር ተክለው፣ የግንብ መብሻ አምጥተው ነው፤" አለች የአብስራ። "ብዙ ድምፅ ያሰማል። ጎረቤት ይሰማል።"

ጎረቤት የሚሰማውን ሥራ በዚህ መሬት ላይ የሚሠራ፣ ማን ነህ ተብሎ የማይጠየቅ ሰው ነው። ኡርጂ ጥያቄዋን ከመጠየቋ በፊት መልሱን ፈራችው።

"አዴ በቀለች፣ ይህን መሬት አሁን ማን ያሳርሰዋል?"

"ልጄ ነዋ። አንድ ነው ያለኝ፣ ሌሊሳ።" ፊታቸው በኩራት በራ። "አላወቅሽም እንዴ? የነዳጁ ካምፕ አለቃ ነው።"

የተናገሩት ነገር ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው ትርጉሙ የገባቸው። ቀዳዳዎቹን አዩ፤ የአብስራ እጅ ላይ ያለውን ድንጋይ አዩ፤ በመጨረሻ ኡርጂን አዩ። መጋዘን ውስጥ ሰው መሞቱንና አንድ የሰፋሪ ልጅ መታሰሩን ገበያው ሁሉ ሲያወራ ሰምተዋል። አዴ በቀለች ነጠላቸውን አውልቀው ቀዳዳዎቹ ላይ ሊያለብሱ ሞከሩ፤ አልያዝ ሲላቸው መልሰው ለበሱት።

"ያ የሰፋሪዎቹ ልጅ እናት አለው?" ብለው ጠየቁ።

"አለው።"

"እንግዲያው እንሂድ፤" አሉ። ቀድመው ዳገቱን ጀመሩ።

* * *

ሌሊሳ ብዙ አልካደም። ኡርጂ ኮሩን፣ መሳያ ድንጋዩንና የቅቤውን ቁራጭ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ስታኖርለት፣ መጀመሪያ የለቅሶውን ድንኳን ጠቀሰ። ለቅሶ ቤት ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ የሚቆጥር እንደሌለ አሳስባው፣ ገደሉን እንዳየችው ነገረችው። ማን እንዳሳያት አልነገረችውም። ትከሻው ወረደ።

"ታፍኗል አለኝ አምሳሉ፣ ዕረፍት ሳይወጣ። ምንም አያሳልፍም አለ።" ሌሊሳ የሚያየው መሬቱን ነው። "ታፍኗል ከተባለ ይዘጉታል። ወጣቱ ሁሉ እኔን ነው የሚያየው፣ ኡርጂ። እንዴት ብዬ ደረቅ ነው ልበላቸው?"

ስለዚህ ከልጅነቱ ከሚያውቀው ገደል ጥሩ አሸዋ ድንጋይ ቆርጦ አመጣ። ለምን እንደጠቆረ አያውቅም ነበር፤ ያባቶቹ ነገር አልተነገረውምና የጥንት ጭስ መሰለው። የፈለገው መልካም መስሎ የሚታይ ድንጋይ ብቻ ነበር። ጎብኚዎቹ መብራት ሲያበሩበት ድንጋዩ ብርሃን ሰጠ።

"እኔ ዘይት አልቀባሁትም። ምንም አልጨመርኩበትም። ሲያበራ ሳይ፣ እግዚአብሔር ኃጢአቴን ወደ በረከት የለወጠው መሰለኝ። ማታ ተንበርክኬ አለቀስኩ።"

አምሳሉ ሐሙስ ከምድጃው የወጣውን ሽታ አሽትቶ፣ ወዲያው ና ብሎ ደወለለት። ሌሊሳ ከለቅሶው ሹልክ ብሎ መጣ፤ በሩ ላይ ዘበኛ አልነበረም፤ አምሳሉ ራሱ ከፈተለት። አምሳሉ ቁራጩን አፍንጫው ሥር ይዞ፣ "ይኸው ነዳጅህ፣ ቅቤ ነው" ብሎ ሳቀ። ሌሊሳ ሳቁን ሊታገሠው አልቻለም። ገፋው። አንድ ጊዜ ብቻ።

"ሁዘይፋ ሲታሰርስ?"

ሌሊሳ ፊቱን አዞረ። ኡርጂ በሩን ከፍታ የአብስራን አስገባች። ሊሰማው የሚገባው ነገር እንዳለ ታውቃለች፤ መስማት ያለበት ደግሞ ነገሩን በሚገባ ከምታውቀው ከየአብስራ ነው።

የአብስራ አልተቆጣችም። አምሳሉ ዕረፍት ሲወጣ ደውሎላት እንደነበር ነገረችው። በደስታ ነበር የደወለው። ነዳጅ ቀላል ነው፤ የሚያፍነው ነገር ካላገኘ እየሾለከ ወደ ላይ ወጥቶ ይጠፋል። የሚጠጣ ድንጋይ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ላዩ ላይ የማያሳልፍ ድንጋይ ሊከደንበት ይገባል፣ ድስት በክዳኑ እንደሚያዝ። ያ ግራጫ ድንጋይ ክዳኑ ነው። ጉድጓዱ ገና ክዳኑ ላይ ነው የቆመው።

"ታፍኗል ያለህ ለዚህ ነው። ተጨማሪ ይቆፈር ብሎ ሊጠይቅ ነበር። ከሥሩ ነዳጅ ይኑር አይኑር ማንም አያውቅም፤ አምሳሉ ግን ደረቅ ነው ብሎ አያውቅም። አንተ የጣልከው ድንጋይ ነበር ማስረጃው።"

ሌሊሳ የመሳያ ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሣው። ልስልስ፣ ከባድ፣ ዝግ ድንጋይ ነው። ግንባሩን አስደገፈበትና ቆየ። ኡርጂ ገዳይ አይታ ታውቃለች፤ የገደለውን ሰው እንዲህ ከልቡ የሚፈልግ ግን አላየችም ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይህኛው የሚለቀም አልነበረም።

* * *

ሰኞ ጠዋት ሁዘይፋ ተፈታ። ኡርጂ ራሷ በሩን ከፍታለት ይቅርታ ጠየቀችው። ይቅርታው ያሳለፈውን እንደማይመልስ ነገረችው። እሱም አላህ ይቅር ይበላችሁ አለና ማጭድ መሳያውን መቼ እንደሚመልሱለት ጠየቃት። የፍርድ ቤት ማስረጃ ስለሆነ ይቆያል አለችው።

ከአጥሩ ውጭ ሰው ተሰብስቧል። ሰሞኑን ሲረግሙት የሰነበቱት ናቸው፤ አሁን የሚያዩበት አጥተው እግራቸውን ያያሉ። እሜቴ ዛህራ ልጃቸውን አቅፈው ደረቱን፣ ጀርባውን፣ ክንዱን በእጃቸው ፈተሹት፤ ሙሉ መሆኑን ሲያረጋግጡ አለቀሱ። ሁዘይፋ እንሂድ እያለ ወደ ባጃጁ ሳባቸው።

አዴ በቀለች ትንሽ ራቅ ብለው ቆመዋል። አገልግል ይዘዋል። ሁልጊዜ ደንበኛቸው የሆነው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያልፋል፤ ሰላም የሚላቸው የለም። ኡርጂ ልትሄድላቸው አሰበችና ልጃቸውን ያሰረ እጅ እንዴት አድርጎ እንደሚያጽናና ጠፋት።

ዛህራ አዩአቸው። አገልግሉንም አዩ። የልጃቸውን እጅ ለቀው፣ መንገዱን አቋርጠው ሄዱና አጥሩ ሥር ያለውን ቦታ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላቸው።

"ተቀመጪ እዚህ፤ ጥላው እስከ ቀትር ይቆያል፤" አሉ በኦሮምኛ። "ምግብ አሁን አይቀበሉም፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ቀዩን ፖሊስ ጠይቂው፣ እሱ ደግ ነው። መጀመሪያ ግን አስቀምሰው ነው የሚያስገቡት፣ እንዳይከፋሽ።"

አዴ በቀለች ተቀመጡ። ዛህራም ባጃጁ እንዲጠብቅ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው፣ ከጎናቸው ተቀመጡ።